ፈቃዱ ያለፈበት እንግዳ ሠራተኛ በድሬዳዋ



የዛሬው ንግግራችን የሚያወሳው ጉዳይ በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ የራሱ ምዕራፍ ያልተሰጠው፣ በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ውስጥ ግን ዘወትር የሚገኝ ነው። ይኸውም ተቀጥሮ ወይም ሥራ ፍለጋ ወደ ሰው አገር የገባ ሰው፣ የገባበት ፈቃድ ጊዜው ሲያልፍበት፣ ወይም የቀጠረው ድርጅት ሲዘጋበት፣ ወይም የተወለደበት መንግሥት ራሱ ከካርታ ላይ ሲፋቅበት፣ ከዚያ በኋላ ምን መንገድ ይቀርለታል የሚለው ጥያቄ ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ታሪክ ለመፈለግ ከድሬዳዋ የተሻለ ከተማ በአገራችን አለ ብዬ አላምንም። ብዙዎቹ ከተሞቻችን በቤተ መንግሥት ወይም በቤተ ክርስቲያን ወይም በገበያ ዙሪያ ሲቆረቆሩ፣ ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በባቡር ጣቢያ ዙሪያ ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚያ በደረሰ ጊዜ ስፍራው አዲስ ሐረር ተብሎ ነበር። ሐዲዱን ከዘረጉትና ከሐዲዱ ጋራ ከመጡት ሰዎች መካከል ፈረንሳዊው፣ ጣልያኑ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ የመኑ ዐረብና ሕንዱ ይገኙበታል። ከዚራ በአንድ ወገን፣ መጋላ በሌላው ወገን፣ በመካከላቸው የደቻቱ አሸዋ ሆኖ ከተማይቱ ስታድግ፣ እንግዳ ሠራተኛ ለድሬዳዋ እንግዳ ነገር አልነበረም።

ዛሬም ነገሩ አልተለወጠም። ከከተማው ወጣ ብሎ በመልካ ጀብዱ በኩል የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠርቷል፤ ስፍራውም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በአገሪቱ የመጀመሪያው ነጻ የንግድ ቀጠና ሆኖ ተመርቋል። እንዲህ ባለው ስፍራ መሣሪያ የሚተክል፣ የስፌት መስመር የሚመራ፣ የተበላሸ ሞተር የሚፈታ ባለሙያ ከውጭ አገር ይመጣል። ሲመጣም በእጁ ፓስፖርት፣ በፓስፖርቱ ላይ የሥራ ቪዛ፣ ከዚያም የሥራ ፈቃድና ጊዜያዊ የመኖሪያ ፈቃድ ይኖረዋል። እነዚህ ወረቀቶች እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ስለሆኑ፣ አንዱ ቀለበት ሲበጠስ ሌላውም አብሮ ይፈታል። ስለዚህ ሰው ከመናገራችን አስቀድሞ ግን፣ ከእርሱ በፊት በዚያው አቅጣጫ የመጡት እንግዶች መታመኛ ወረቀታቸው ባለቀ ጊዜ ምን እንዳደረጉ እንመልከት።

በመጀመሪያው ዘመን የዛሬ ዓይነት የሥራ ፈቃድና የመኖሪያ ፈቃድ ገና አልተደነገገም ነበር። እንግዳው የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እርሱም «የማን ሰው ነህ?» የሚል ነው። በጥር ወር 1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በፈረንሳዩ መልእክተኛ በክሎቡኮውስኪ መካከል በተፈረመው ውል፣ ፈረንሳውያንና ፈረንሳይ የምትጠብቃቸው ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲካሰሱ ዳኛቸው ቆንስላቸው ሆነ፤ ከኢትዮጵያዊ ጋራ ሲካሰሱ ደግሞ ያገሩ ዳኛ ቆንስሉ ባለበት ይፈርድ ነበር። የሌሎች መንግሥታት ሰዎችም በየውላቸው ምክንያት ይህንኑ መብት አገኙ። ስለዚህ ባንዲራ ያለው ሰው ከሞላ ጐደል በራሱ አገር ሕግ ሥር እንዳለ ሆኖ በኢትዮጵያ መሬት ይኖር ነበር። ይህ ለአገራችን ክብር የሚስማማ ውል አልነበረም፤ እንግዲህ ይህን አልፈን ባንዲራ የሌለውን ሰው እንፈልግ።

ባንዲራ የሌለው ሰው አርመኑ ነበር። የቱርክ መንግሥት ተገዢ ሆኖ ሳለ ከቱርክ ሸሽቶ የመጣ ስለሆነ፣ ወደ ቱርክ ቆንስል ሄዶ ጠብቀኝ ሊል አይችልም፤ ስለዚህ ብዙዎቹ በፈረንሳይ ወይም በጀርመን ጥላ ሥር ይጠጉ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የኦቶማን መንግሥት ሲፈርስ ደግሞ የቀድሞው ዜግነታቸው ራሱ ጠፋ። በዚያን ጊዜ በዓለም መንግሥታት ማኅበር የስደተኞች ሹም የነበረው ኖርዌያዊው ናንሰን፣ አገር ለሌላቸው ሰዎች የሚሰጥ ወረቀት አወጣ፤ ወረቀቱ በ1914 ዓ.ም. ለሩሲያ ስደተኞች፣ በ1916 ዓ.ም. ለአርመኖች ተፈቀደ። በዚያው በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም ያገኟቸውን 40 የአርመን ልጆች ለሙዚቃ ጓድ አምጥተው፣ አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የኢትዮጵያን የሕዝብ መዝሙር ዜማ እንደ ደረሰ የታወቀ ነው። «አርባ ልጆች» እያልን በፍቅር የምናነሣቸው እነዚህ ወጣቶች፣ በመዝገብ ቤት ቋንቋ ቢጻፉ አገር አልባ የውጭ አገር ሠራተኞች ነበሩ።

ለእንዲህ ያለው ሰው በር የከፈተው የሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. የዜግነት ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት 5 ዓመት በኢትዮጵያ የኖረ፣ ራሱን የሚያስተዳድርበት ሥራ ያለው፣ ያልተፈረደበት፣ አማርኛንም አጥርቶ የሚናገርና የሚጽፍ የውጭ አገር ሰው ኢትዮጵያዊ እሆናለሁ ብሎ መለመን ይችላል። የአማርኛው ፈተና ለብዙ ሠራተኛ ከባድ እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም፤ ብረት የሚያቀጠቅጥ ሰው ሁሉ ደብዳቤ አሳምሮ አይጽፍም። በ1926 ዓ.ም. ሕጉ ሲሻሻል፣ ለአገር ይጠቅማል የተባለ ሰው እነዚህ ሁኔታዎች ሳይሟሉለት እንኳ ዜግነት ሊሰጠው እንዲችል ተደረገ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ነገሩን አጉልቶ የሚያሳየን ግን በድሬዳዋ ከ1933 እስከ 1937 ዓ.ም. የሆነው ነው።

በ5ቱ የጠላት ዘመን ኢጣልያ በብዙ ዐሥር ሺህ የሚቆጠር መንገድ ሠሪ፣ ግንበኛ፣ መካኒክና ሾፌር ወደ አገራችን አግዛ ነበር። የድሬዳዋ ሲሚንቶ ፋብሪካም የተቋቋመው በዚያው ዘመን ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ትናንት የገዢ ወገን የነበረው ጣልያን ሠራተኛ በአንድ ቀን ውስጥ መንግሥት የሌለው፣ ቆንስል የሌለው፣ ፈቃድ የሌለው ባዕድ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ ክፉን በክፉ እንዳይመልሱ ለሕዝባቸው ማሳሰባቸው ነፍሱን አዳነለት፤ ኑሮውን ግን ገና ማንም አልወሰነለትም።

በዚህ ላይ የሁለት መንግሥታት አሳብ አልተስማማም። እንግሊዞች ጣልያኖቹን በሙሉ ከአገር ለማስወጣት ፈለጉ። የኢትዮጵያ መንግሥት ግን ሞተር የሚጠግን፣ መብራት የሚያበራ፣ ወፍጮ የሚያንቀሳቅስ ሰው እንዲቀርለት ይፈልግ ነበር፤ ይህ የሆነው ጠላትን በመውደድ ሳይሆን ጠላት ብዙዎቹን የተማሩ ልጆቿን ስለ ፈጀባት ነው። ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. በተፈረመው ስምምነት ድሬዳዋና የባቡሩ መስመር በእንግሊዝ ጦር እጅ እንዲቆዩ ስለ ተደረገ፣ ጣልያኖቹን ለማስወጣት የተመረጠው መሰብሰቢያ ይኸው ከተማ ሆነ። ሴቶቹ፣ ሕፃናቱ፣ ሽማግሌዎቹና በሽተኞቹ በድሬዳዋና በሐረር ሰፈር ተሰብስበው፣ በካሚዮን ወደ በርበራ ወረዱ። ከዚያም ሳቱርኒያ፣ ቩልካኒያ፣ ጁልዮ ቼዛሬና ካዮ ዱሊዮ የተባሉ፣ ነጭ ቀለም ተቀብተው የቀይ መስቀል ምልክት የተሣለባቸው 4 መርከቦች፣ በስዌዝ በኩል ማለፍ ስላልተፈቀደላቸው አፍሪካን በሙሉ ዞረው አገራቸው አደረሷቸው። በ1934 እና በ1935 ዓ.ም. በተደረጉት 3 ጉዞዎች ከምሥራቅ አፍሪካ የተመለሱት 28 ሺህ ያህል ናቸው። ለጦር የደረሱት ወንዶች ወደ ኬንያና ወደ ሌሎች የእንግሊዝ ግዛቶች ምርኮኛ ሆነው ሄዱ።

መርከቡንም ሆነ የምርኮኛውን ሰፈር ያልወደደው ጣልያን ሁለት ነገር ይቀርለት ነበር። አንደኛው በሙያው ተፈላጊ ሆኖ፣ የሚጠይቀው መሥሪያ ቤት አግኝቶ፣ በፈቃድ መቆየት ነው። ሁለተኛው መደበቅ ነበር። የተደበቁት ጥቂቶች አልነበሩም፤ ጣልያኖች ራሳቸው «አሸዋ ውስጥ የተቀበሩ» የሚል ስም አውጥተውላቸዋል። እዚህ ላይ ከታሪክ አሽሙር አንዱን ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጨኛል። የፋሺስት መንግሥት በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ፣ ከኢትዮጵያዊት ሴት ጋራ እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣልያን እስከ 5 ዓመት እስራት ይቀጣ ነበር። ያ መንግሥት በወደቀ ጊዜ፣ ከተሸሸጉት መካከል ብዙዎቹ የተሸሸጉት ይኸው ሕግ በከለከለው ቤት፣ በዚያችው ሴት ጓዳ ነበር።

እንግሊዞች ድሬዳዋንና ሐዲዱን የለቀቁት ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ዓ.ም. በተፈረመው ሁለተኛ ስምምነት ነው። ከዚያ በኋላ የቀሩት ጣልያኖች ከየጓዳው እየወጡ ጋራዥ ከፈቱ፣ አናጢ ቤት አቆሙ፣ በየፋብሪካው ተቀጠሩ። ከዚህ የምንረዳው ነገር እንዲህ ይመስለኛል፤ እንግዳው ራሱን የሚገልጠው ከወንጀለኝነቱ ብዛት ወይም ማነስ የተነሣ ሳይሆን፣ ቢገልጥ የሚሆነውን አስቀድሞ ለማወቅ በቻለው መጠን ነው። መርከብ ብቻ በሚታየው ጊዜ ተደበቀ፤ ሥራ በታየው ጊዜ ወጣ። ሰውዬው ያው ሰው፣ ሙያውም ያው ሙያ ነበር።

ይህን የሚመስል ሌላ ምዕራፍ፣ ለመናገርም የሚከብድ፣ በእኛው ዘመን ተደግሟል። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋራ ጦርነት ሲነሣ፣ በኢትዮጵያ ከተማዎች የተወለዱና ሙሉ ዕድሜያቸውን የሠሩ ብዙ ሰዎች ኤርትራዊ ናችሁ ተብለው ዜግነታቸውን አጥተዋል፤ በብዙ ዐሥር ሺህ የሚቆጠሩትም ከአገር ተባረዋል። በጥር 1996 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ፣ በአገር ውስጥ የቀሩት የመኖሪያ ፈቃድ መታወቂያ እንዲያገኙ ወይም ዜግነታቸውን እንዲያስመልሱ መንገድ ከፈተ። በመካከሉ ያለፉት 5 ዓመታት ከግማሽ በላይ ግን ማንም አልመለሰላቸውም።

አሁን ወደ መልካ ጀብዱ እንመለስ።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ለውጭ አገር ሰው የሚሰጠው የሥራ ፈቃድ ለአንድ ለተወሰነ የሥራ ዓይነት ሆኖ ለ3 ዓመት የሚጸና፣ በየዓመቱም የሚታደስ ነው፤ ሚኒስቴሩ ሰውዬው ለሥራው አያስፈልግም ብሎ ሲያረጋግጥ ፈቃዱን ሊሰርዘው ይችላል። የኢንቨስትመንት ሕጉም፣ የውጭ ባለሙያ የሚቀጠረው ለሥራው የሚበቃ ኢትዮጵያዊ ባልተገኘ ጊዜ እንደ ሆነና፣ አሠሪውም ኢትዮጵያውያንን አሠልጥኖ በስፍራው የመተካት ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። ይህ ተገቢ ነው፤ ፓርኮቹ የተሠሩበት ምክንያት የእኛ ልጆች ሙያ እንዲቀስሙ አይደለምን? ነገር ግን ከዚህ የሚወለደውን ውጤት ልብ እንበል። እንግዳው ሥራውን በሚገባ ሠርቶ ተማሪውን ባበቃው ቀን፣ ያን ጊዜ ፈቃዱ መሠረቱን ያጣል። ደግሞም ፋብሪካው ቢዘጋ፣ ያለ አንዳች ጥፋት ፈቃዱ ባዶ ወረቀት ይሆንበታል። አሜሪካ በአጎዋ ሕግ የምትሰጠውን ከቀረጥ ነጻ የገበያ ዕድል ከኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ስታነሣ፣ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ አንድ ታላቅ የልብስ ኩባንያ ቀድሞ እንደ ወጣ እናስታውሳለን። ፋብሪካ ሲዘጋ ስለ መሣሪያውና ስለ ሥራ አጡ ወጣት ብዙ ይነገራል፤ ስለ ውጭ አገሩ ፎርማን ግን ሻንጣውን ይዞ እንደሚሄድ ብቻ ይታሰባል።

ሁሉ ጊዜ ግን ሻንጣውን ይዞ አይሄድም። ያልተከፈለው ደመወዝ ሊኖር ይችላል፤ ሌላ አሠሪ አግኝቶ ሊሆን ይችላል፤ አገሩ ጦርነት ገብቶ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ፈቃዱ ሳያልፍ ማሳደስ ወይም አዲሱ አሠሪ በስሙ አዲስ የሥራ ፈቃድ እንዲያወጣለት ማድረግ ነው፤ አሮጌው ፈቃድ ለሌላ ሥራ አያገለግልም። በኢንዱስትሪ ፓርኮች አዋጅ ቁጥር 886/2007 የተመሠረተው የአንድ መስኮት አገልግሎት የተታሰበውም እንዲህ ያለውን ነገር በቅርብ ለመጨረስ ነው። ጊዜው ካለፈ ግን በሕጉ ዘንድ ያለ ፈቃድ የተቀመጠ ሰው ነው፤ ላለፈው ጊዜ መቀጫ ይከፍላል፤ ከአገርም ሊወጣ ይገደዳል። አገሩ መመለስ ለሕይወቱ የሚያሰጋው ከሆነ ደግሞ፣ ሠራተኛ ሆኖ ሳይሆን ስደተኛ ሆኖ ጥገኝነት መጠየቅ ይችላል፤ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 እንዲህ ያለውን ሰው ወደ አደጋው መልሶ መላክን ይከለክላል። በ2007 ዓ.ም. የየመን ጦርነት ሲብስ ባሕሩን ተሻግረው የመጡት የመናውያን በዚህ በር የገቡ ናቸው፤ የድሬዳዋ ሰው ለየመን ሰው አዲስ አልነበረም።

ስለ ደመወዙ ጥቂት ልጨምር፤ ምክንያቱም በመሥሪያ ቤት የምንውል ሰዎች ሁሉ የምንስተው እዚህ ላይ ነው። የሥራ ፈቃድ ማለፍና የተሠራበት ደመወዝ መከፈል ሁለት ልዩ ልዩ ጉዳዮች ናቸው። በ1967 ዓ.ም. የዓለም የሥራ ድርጅት ያወጣው ስምምነት ቁጥር 143፣ በሕግ የሚኖር ሠራተኛ ሥራውን በማጣቱ ብቻ ሕገ ወጥ እንዳይባል ይደነግጋል፤ ያለ ፈቃድ የሠራውም ቢሆን ለሠራበት ዋጋ እኩል መብት እንዲኖረው ያዝዛል። በታኅሣሥ 1983 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የጸደቀው የፍልሰተኛ ሠራተኞች ስምምነትም ይህንኑ ያጸናል። በእኛ አዋጅ ደግሞ የደመወዝ ክስ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይቀራል። እንግዲህ አንድ እንግዳ ሠራተኛ በአንደኛው መስኮት በቶሎ ከአገር ውጣ ሲባል፣ በሌላው መስኮት «ነገ ተመለስ» ሲባል፣ 6ቱ ወር በዚህ መካከል ይቆጠራል። «ነገ ተመለስ» የምትለው ቃል ለእኛ ቀላል ናት፤ ፈቃዱ ላለፈበት ሰው ግን እያንዳንዷ ነገ መቀጫ አላት።

ይህን ሁሉ የሰው አገር ሰው ጉዳይ ነው ብሎ የሚያልፍ አድማጭ ቢኖር፣ ከድሬዳዋ ወደ ምሥራቅ የሚወስደውን መንገድ ይመልከት። የእኛ ወጣቶች በዚያ በኩል ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ ወደ ኦቦክ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያም በእግር ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ይጓዛሉ። ሌሎች በቪዛ በአውሮፕላን ገብተው እዚያው ፈቃዳቸውን ያጣሉ። በዚያ አገር ሠራተኛው የሚኖረው በአሠሪው፣ ማለት በከፊሉ ስም በወጣ ኢቃማ ነው። ቤቱን ጥሎ ከወጣ፣ ምክንያቱ ድብደባም ይሁን የደመወዝ መከልከል፣ ከፊሉ «ኮብልሏል» ብሎ ካስመዘገበ ሕገ ወጥ ሊሆን ይችላል። የባሕረ ሰላጤው አገሮችም ቀደም ብዬ የጠቀስሁትን የ1983ቱን ስምምነት አልፈረሙም።

የሳዑዲ መንግሥት በመጋቢት መጨረሻ 2005 ዓ.ም. የምሕረት ጊዜ ዐወጀ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ፈቃድ የሌለው ሠራተኛ ሌላ ከፊል ፈልጎ ወረቀቱን ማስተካከል፣ ወይም መቀጫ ሳይከፍል ወደ አገሩ መመለስ ይችል ነበር። ጊዜው አንድ ጊዜ ተራዝሞ ጥቅምት 24 ቀን 2006 ዓ.ም. አበቃ። በማግሥቱ አፈሳ ተጀመረ፤ በሪያድ መንፉሓ በተባለው ሰፈር ሁከት ተነሥቶ የወገኖቻችን ደም ፈሰሰ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በአውሮፕላን ተመለሱ። ብዙዎቹ የተመለሱት በለበሱት ልብስ ነው፤ የሠሩበት ደመወዝም እዚያው ቀረ። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ሁለተኛው ምሕረት ለ90 ቀን ታወጀ፤ እርሱም ተራዘመ። ከዚያ በኋላ በነበሩት 2 ዓመት ገደማ የተመለሱት 260 ሺህ ያህል ናቸው።

በምሕረቱ ጊዜ ለምን ብዙዎች አልተመለሱም ተብሎ ያን ጊዜ በየቢሮው ሲጠየቅ ሰምቻለሁ። አንዳንዱ ለደላላ የተበደረውን ሳይከፍል መመለስ አፍሮ ነበር። አንዳንዱ ፓስፖርቱ በከፊሉ እጅ ስለ ነበረ፣ የመመለሻ ወረቀት ለማውጣት በቆንስላ በር ተሰልፎ ተራው ሳይደርሰው ቀኑ አለቀበት። አንዳንዱ ደግሞ ምሕረት የተባለው ወጥመድ መስሎት በጓዳ ተቀመጠ፤ ልክ በ1934 ዓ.ም. ጣልያኑ በድሬዳዋ ጓዳ እንደ ተቀመጠው።

ከእነዚያ ተመላሾች መካከል የምሥራቅ ሐረርጌና የድሬዳዋ ልጆች ነበሩ። ዛሬ መልካ ጀብዱ ላይ አንድ የውጭ አገር ፎርማን ፈቃዱን ለማሳደስ መስኮት ፊት ሲቆም፣ ከእርሱ ሥር በስፌት መስመሩ ላይ ከሚሠሩት መካከል ኢቃማ ምን እንደ ሆነ፣ የአፈሳም ሌሊት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ቢገኝ አይደንቅም።

የዛሬው ንግግራችን እዚህ ላይ ያበቃል።